የእናት ትከሻ፣ የአባት ስለት

ህንዶች ስለ ሸማኔ ከሠሯቸው ፊልሞች መካከል ሁለቱ ተነጣጥለው መታየት የለባቸውም ባይ ነኝ። አንዱ ፕሪያዳርሻን በ2008 ያወጣው «ካንቺቫራም» ነው፤ ቋንቋው ታሚል። ሌላው ራጅ ራቻኮንዳ በ2019 ያወጣው «ማሌሻም» ነው፤ ቋንቋው ቴሉጉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ላይ አንድ አባት ሴት ልጁን ሐር አልብሶ ሊድራት ይሳላል፤ ስለቱ እሱንም ልጁንም ይበላቸዋል። በሁለተኛው ላይ አንድ ልጅ የእናቱን ትከሻ የሚያሳርፍ ማሽን ልሥራ ብሎ ይነሳል፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሳቀበት ሠርቶ ያሳያል። የትኛው በቴክኖሎጂ ሰዎች ዘንድ እንደሚወደድ መገመት አያቅታችሁም። እኔም ሶፍትዌር ሠርቼ የምኖር ሰው ስለሆንኩ «ማሌሻምን እየው» የሚለኝ አላጣሁም። አየሁት፣ ወደድኩትም። ግን ብቻውን ሲታይ አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍናል። የሸፈነውን የሚገልጠው ደግሞ ዐሥራ አንድ ዓመት ቀድሞት የወጣው ያ ሐዘንተኛ ፊልም ነው። የሁለቱንም መጨረሻ ስለምናገር ሳላይ አትንገሩኝ የምትሉ እዚህ ጋ ብታቆሙ ይሻላል።

ከፊልሞቹ በፊት ሰዎቹ። ቺንታኪንዲ ማሌሻም በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ የተወለደው ፓድማሻሊ ከሚባሉት ወገን ነው። ፓድማሻሊ በቴላንጋናና በአንድራ ፕራዴሽ በብዛት የሚኖር፣ ቴሉጉ ተናጋሪ፣ የሂንዱ ሸማኔዎች ካስት ነው። ካስት ስል በመወለድ ብቻ የሚገባበት፣ በጋብቻ የታጠረ፣ ከሙያ ጋር አብሮ የተሸመነ ማኅበረሰብ ማለቴ ነው። እንጀራ ፍለጋ ወደ ማሃራሽትራ ወርደው በሾላፑርና በቢዋንዲ የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች የሰፈሩም ብዙ ናቸው።

«ፓድማ» ሎተስ ማለት ነው፤ ውኃ ላይ የሚያብበው አበባ። የስማቸው ታሪክ እንዲህ ይነገራል፦ ማርካንዴያ የተባለው ጠቢብ ካነደደው የመሥዋዕት እሳት ውስጥ ባቫና ሪሺ ወጣ፤ እሱም ከሎተስ ግንድ ክር አውጥቶ ለአማልክት ልብስ ሸመነላቸው። እኛ የእሱ ልጆች ነን ይላሉ። ስለዚህ ሽመና ለእነሱ ሰማይ ላይ የተጀመረ ሥራ ነው። ወንዶቹ ብራህሚኖች እንደሚያደርጉት ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ጎን የሚወርድ የተቀደሰ ክር ያጠልቃሉ፤ ሽራቫና በሚባለው ወር ጨረቃ ስትሞላ አሮጌውን አውልቀው አዲሱን ያስራሉ። በዚህ በክሩ ምክንያት «ከብራህሚን በምን እናንሳለን» የሚል ክርክር ሲያነሱ ኖረዋል። በመንግሥት መዝገብ ላይ ግን የሰፈሩት «ኋላ ከቀሩ መደቦች» ተርታ ነው፤ የትምህርትና የሥራ ኮታ የሚያገኙትም በዚያ ነው። አማልክትን አለበስን የሚለው ሕዝብ ኮታ ለማግኘት ኋላ ቀር ነኝ ብሎ ወረቀት ያወጣል። በዚህ አልሳለቅም፤ ሁለቱም ለእነሱ እውነት ናቸው።

ጋብቻቸው ከካስቱ አይወጣም፣ ከጎትራው ደግሞ ይወጣል። ጎትራ ማለት ከአንድ ጥንታዊ ጠቢብ እንወርዳለን የሚሉ ሰዎች የዘር መስመር ነው፤ ፓድማሻሊዎች መቶ አንድ ጎትራ አለን ይላሉ። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን እንደምንራራቀው እነሱም ጎትራ ጠይቀው ይራራቃሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ልማድ የሚነገረን እንደ ውብ ባህል ወይም እንደ ጨቋኝ ባህል ብቻ ነው። የሥራ ድርሻም አለው። አንድ ሳሪ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ክር ይጠቀለላል፣ ይለካል፣ ይታሰራል፣ ይቀለማል፣ ድሩ ይዘረጋል፤ ከዚህ አብዛኛውን የሚሠሩት የቤቱ ሴቶች ናቸው። በሌላ ሙያ ካደገ ቤት የመጣች ሙሽራ ይህን ሁሉ ከዜሮ ልትማር ነው። ከሸማኔ ቤት የመጣችው ግን ገና በልጅነቷ ለምዳዋለች። ማለትም በካስት ውስጥ መጋባት የሠለጠነ ሠራተኛ ያለ ደሞዝ ወደ ቤት የሚያስገባ በር ነው። የሚከፈለው ለሳሪው ነው፤ ሳሪው ደግሞ የሚቆጠረው በባልየው ስም ነው።

የዚህን ሁሉ ዝርዝር የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ሹም የነበረው ኤድጋር ተርስተን በ1909 ስለ ደቡብ ህንድ ካስቶችና ነገዶች ባሳተመው ሰባት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሰውየው የማድራስ ሙዚየም ኃላፊ ነበር፤ የሰዎችን አፍንጫ እየለካ ካስት ሊያስረዳ የሞከረ ጉደኛ ነው። ሠርግ፣ ቀብር፣ ክር፣ አማልክት፣ ሁሉም አለው። እንዲህ ያለው መዝገብ የሚጎድለው ነገር የሒሳብ ደብተር ነው። ማን ለማን ምን ያህል ዕዳ አለበት? ልማድን ያለ ዕዳው መጻፍ ለእኔ ኮዱን ሳያሳዩ የፕሮግራሙን ስክሪን ሾት እንደማሳየት ነው።

ፓድማሻሊዎች ስለ ራሳቸው የሚነገር ታሪክ የጀመሩት በሲኒማ አይደለም። በቴላንጋና ኩናፑሊ የሚባሉ ተራኪዎች አሉ። ሥራቸው የፓድማሻሊን ትውልድ ታሪክ ለፓድማሻሊ ብቻ ማውራት ነው፤ ለሌላው ካስት ሌላ ተራኪ አለው። ይዘው የሚዞሩት ቼሪያል በምትባል ከተማ ሠዓሊዎች የተሳለ ረጅም የጨርቅ ጥቅልል ነው። ጥቅልሉ ቀስ እያለ ይፈታል፤ ተራኪው በዘፈንና በንግግር እያጀበ ከላይ ወደ ታች ሥዕል በሥዕል ይወርዳል፦ ማርካንዴያ፣ እሳቱ፣ ባቫና ሪሺ፣ ሎተሱ። ክፈፍ በክፈፍ የሚሄድ፣ ድምፅ ያለው፣ ተመልካቹ ከፍሎ የሚያየው ነገር ስሙ ምን እንደሆነ እናንተው በሉት። ደንበኛው ከፋይ ስለሆነ ታሪኩ ደንበኛውን ከፍ ያደርጋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ «ማሌሻም» ላይ ስንደርስ ይመጣል።

«ካንቺቫራም» ግን ከፍ አያደርግም። ቦታው ካንቺፑራም ነው፤ በታሚል ናዱ የምትገኝ የሐር ሳሪ ከተማ። የዚያች ከተማ ሸማኔዎችም የማርካንዴያ ዘር፣ የሎተስ ክር ሸማኞች ተብለው ነው የሚነገርላቸው፤ ያው አፈ ታሪክ ድንበር ተሻግሮ። ፊልሙ በ1948 ይጀምራል፤ ህንድ ነፃ ከወጣች ገና ዓመት ያለፋት ናት። ቬንጋዳም የተባለ እስረኛ በዝናብ ውስጥ በአውቶቡስ፣ በፖሊስ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወሰዳል። መንገዱ በሄደ ቁጥር ያለፈው ይመለስለታል።

ሐር በዚያ አገር በሠርግና በቀብር ይፈለጋል፤ ሙሽራ ሐር ለብሳ ብትዳር፣ ሬሳም በሐር ቢሸፈን ክብር ነው። ቬንጋዳም ሐር ሲሸምን የኖረ ሰው ነው፣ ግን ሙሽራውን ሐር ሊያለብሳት አልቻለም፤ አባቱንም በሐር መሸፈን አልቻለም። ልጁ ስትወለድ በሰው ፊት ቃል ይገባል፦ አንቺን በሐር ሳሪ እድርሻለሁ። የሰማው ሁሉ ይደነግጣል። የሚያስደነግጠው ድፍረቱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። የሚከፈለው በቁራጭ ነው፤ በዚያ ክፍያ አንድ የራሱን ሳሪ ለመግዛት ዕድሜ አይበቃውም። ያጠራቀማትንም ችግር ይወስድበታል። ከዚያ በኋላ ከሚሠራበት ቦታ በየቀኑ ጥቂት የሐር ክር አፉ ውስጥ ደብቆ መውጣት ይጀምራል፤ ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ ማንም ሳያይ ይሸምናል።

ያ አፍ የፊልሙ ትልቁ ሐሳብ ነው። ፕራካሽ ራጅ ይህን ሰው ሲጫወት ከንፈሩን ገጥሞ የሚሄድበት አካሄድ አለ፤ አንድ ቃል ሳይናገር ሁሉንም ነገር ትረዳላችሁ። አፉ ክር ስለያዘ መናገር አይችልም። በኋላ ደግሞ ለሸማኔዎች መብት ተናጋሪው እሱ ይሆናል። የሶሻሊስት ሐሳብ ይዞ ከመጣ እንግዳ ይማራል፣ ጓደኞቹን ያደራጃል፣ የሥራ ማቆም አድማ ይመራል። አድማው ሲረዝም ግን ሥራ ቤቱ ይዘጋል፤ ሥራ ቤቱ ሲዘጋ የሚሰረቅ ክር የለም፤ የልጁ ሠርግ ደግሞ እየደረሰ ነው። ስለዚህ አድማውን ያስቆማል። ትናንት የተከተሉት ከሃዲ ይሉታል። የማን ከሃዲ እንደሆነ ፊልሙ አይፈርድም፤ እኔም ይህን ሳይፈርድ መተዉን አከብራለሁ። አባትነቱ የሠራተኞቹን ኅብረት ካደው፤ ኅብረቱም ቢሆን ለአባትነቱ ቦታ አልነበረውም።

ፊልሙ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። መከራውን ያበዛዋል። ልጅቷ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ሽባ ትሆናለች፤ ይህ አደጋ ከታሪኩ ውስጥ የበቀለ ሳይሆን ከውጭ የተጣለ ነው። ዕዳና ልማድ ብቻቸውን ሰውየውን ለመስበር በቂ ነበሩ፤ ጉድጓዱ ለምን አስፈለገ? የሶሻሊስቱ እንግዳም ከሰው ይልቅ ለበራሪ ወረቀት ይቀርባል። መጨረሻው ላይ ግን ሁሉንም ይቅር እላለሁ። ቬንጋዳም በስርቆት ተይዞ ታስሯል፤ ሽባ ልጁን ለማየት ለአጭር ጊዜ ተፈቅዶለታል። የሚንከባከባት ሰው የለም። መርዝ አብልቶ ይገላታል። ከዚያ ሳይጨርስ የቀረውን ሳሪ ከሽመናው ላይ ቆርጦ ያለብሳታል። ጨርቁ አጭር ነው፤ ፊቷን ሲሸፍን እግሯ ይወጣል፣ እግሯን ሲሸፍን ፊቷ። ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። ስለቱ ደረሰ፤ ሐር ለበሰች። የልጅቷ ስም ታማራይ ነው፤ በታሚል ሎተስ ማለት ነው። የአማልክት ልብስ የተፈተለበት አበባ መጨረሻው እዚህ ሆነ። ፊልሙ የ2007 የህንድ ብሔራዊ ሽልማት ሲሰጥ ምርጥ ፊልም ተብሏል፤ ፕራካሽ ራጅም ምርጥ ተዋናይ። ይገባቸዋል።

አሁን «ማሌሻም»። ከሃይደራባድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ፖቻምፓሊ ኢካት በሚባለው ጨርቅ ትታወቃለች። ቪኖባ ባቬ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት የመለመኑን ንቅናቄ በ1951 የጀመረባትም መንደር ናት። ኢካት ለእኔ ቢጤው የሚያስደምም ነገር ነው። ሌላው ጨርቅ ሲሸመን ነው ንድፉ የሚወጣው፤ ወይም ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ይታተምበታል። ኢካት ላይ ንድፉ የሚጻፈው ክሩ ላይ ነው፣ ገና ሳይሸመን። ክሩ በስሌት ይታሰራል፤ የታሰረው ቦታ ቀለም አይገባውም፤ ይፈታል፣ እንደገና ይታሰራል፣ በሌላ ቀለም ይነከራል። ሸማኔው ማጉን ሲወረውር ንድፉ በራሱ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ መስመር በመስመር ሳሪው ይነበባል። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች የሽመና ነገር ሲነሳ ወዲያው ዣካርንና ባለ ቀዳዳ ካርዱን መጥራት እንወዳለን። እስቲ ዣካርን ለአንድ ቀን እናሳርፈው። እዚህ ካርድ የለም፤ ዳታው ያለው ክሩ ውስጥ ነው። የኢካት ንድፍ ጠርዙ ትንሽ እንደ ጭስ ይደበዝዛል፤ ክር ቀጥ ብሎ ቦታው ላይ ስለማያርፍ ነው። በርካሽ የሚታተመው አስመሳይ ጠርዙ እንደ ምላጭ የጠራ፣ ጀርባው የገረጣ ነው። እውነተኛው በሁለቱም ፊት አንድ ነው።

ይህን ለመሥራት ክሩ አስቀድሞ በስሌት መዘርጋት አለበት። ሥራው አሱ ይባላል። ግማሽ ክብ ሆነው የተደረደሩ ካስማዎች አሉ፣ ፊት ለፊታቸው አንድ ካስማ። ሴትየዋ ክሩን ይዛ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ እጇን ታመላልሳለች። ለአንድ ሳሪ 9,000 ጊዜ ያህል። በቀን ለሁለት ሳሪ ከሠራች 18,000። የማሌሻም እናት ላክሽሚ ትከሻዋና ክርኗ በዚህ ሥራ አለቀ። ልጅየው ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ያቋረጠ ነው። በ1992 ማሽኑን ጀመረ፣ በ1999 ጨረሰ፤ በመሃል ሃይደራባድ ሄዶ እየሠራ በሚያገኛት ገንዘብ ዕቃ እየገዛ። ማሽኑን በእናቱ ስም ላክሽሚ አሱ አለው። አራት አምስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። መንግሥት በ2017 ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጠው። «ፓድማ» እዚህም አለች።

ፊልሙ ብዙ ነገር አሳክቷል። ከዚያ በፊት በአስቂኝ ሚናዎች የሚታወቀው ፕሪያዳርሺ ማሌሻምን የሚጫወተው ጀግና እንዳይመስል ተጠንቅቆ ነው፤ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ንግግሩ አጭር፣ የቴላንጋና ገጠር ቴሉጉ የሚያወራ ሰው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በቴሉጉ ሲኒማ የቴላንጋና አነጋገር ለረጅም ጊዜ የዘበኛና የወንበዴ ማሳቂያ ነበር። ጃንሲ እናቲቱን ስትጫወት ሕመሙን አትጮኸውም፤ እጇ ይንቀሳቀሳል፣ ፊቷ ሌላ ቦታ ነው። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን አለመሳካትን የሚያሳይበትን ትዕግሥት ነው። አንድ ክፍል ይሠራል፣ ቀጣዩ እምቢ ይላል። ማሽኑ ክሩን ይሸከማል ግን ከካስማ ካስማ አይሸጋገርለትም። ችግሩ ተፈታ ስትሉ የተፈታው ችግር ሌላውን ይወልዳል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ባግ ሲያባርር ያደረ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ አብዛኛው የፈጠራ ሰዎች ፊልም በአንድ ሙዚቃ የሚዘለውን «ማሌሻም» ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ግን ፊልሙ ኩናፑሊ ነው። ይህ ስድብ አይደለም። ጥቅልሉን ፈትቶ አንድ ሰው ከእሳት ሲወጣና አዲስ ክር ሲያመጣ ያሳየናል። ያኔ ባቫና ሪሺ ነበር፣ አሁን ማሌሻም ነው። ደንበኛው ከፍ ብሎ ይሄዳል። ጥቅልሉ ላይ የማይሳለው ነገር ደግሞ ፊልሙም ላይ ደብዝዟል፦ ለምንድን ነው ያ ሥራ በእናቲቱ ትከሻ ላይ የወደቀው? ማሽኑ የሚመልሰው «እንዴት ይቀልላት» የሚለውን ጥያቄ ነው። «ለምን እሷ» የሚለውን አይነካውም። አሱ የሴት ሥራ የሆነው ክሩ ሴት ስለሚፈልግ አይደለም፤ የማይከፈልበት የቤት ሥራ ስለሆነ ነው። የሚከፈልበት ቢሆን ኖሮ፣ 18,000 ጊዜ የተመላለሰች እጅ ዋጋዋ ሳሪው ላይ ቢጻፍ ኖሮ፣ ነጋዴው ራሱ ማሽን ይፈልግ ነበር። ማንም ሳይፈልግ ዘመናት ያለፉት ወጪው የማንም ደብተር ላይ ስላልነበረ ነው። ማሌሻምን ልዩ የሚያደርገው ለእኔ የሜካኒክ ብልሃቱ ብቻ አይደለም፤ ማንም ያልቆጠረውን መቁጠሩ ነው። ፊልሙ ብልሃቱን በደንብ ያሳያል፤ ቁጥሩን ግን የእናት ፍቅር ብሎ ያልፈዋል።

ሚስቱም ስሟ ፓድማ ነው። አናንያ ናጋላ በጥሩ ሁኔታ ተጫውታታለች፤ ዕዳ ሲበዛ፣ ሰው ሲስቅ ከጎኑ የምትቆም ሴት። እሷም ከሸማኔ ቤት የመጣች ናት፤ ቅድም ያልኩት በር በሷም ነው የገባው። የፊልሙ ሥራ እሷን እንድታምነው ማድረግ ነው። ማሽኑ የማን ሰዓት እንደሆነ የመለሰው፣ በተመለሰው ሰዓት ደግሞ ምን እንደተደረገበት፣ ፊልሙ አይቆይበትም። አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀው አሱ ሲያልቅ ሴትየዋ ታርፋለች? ወይስ ሌላ አሱ ይጀመራል? እኔ በሥራዬ ያየሁት ሁለተኛውን ነው። የሦስት ቀን ሪፖርት በአንድ ሰዓት የሚያወጣ ስክሪፕት የጻፈ ሰው የሚያገኘው ሌሎች ዐሥር ሪፖርቶች ነው። ትከሻው መዳኑ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚቀንስ ሰው ካለ አንድ ቀን አሱ ሠርቶ ይምጣ። ነገር ግን የትከሻ መዳንና የሴትየዋ ነፃ መውጣት ሁለት የተለያዩ ዜናዎች ናቸው፤ ፊልሙ አንድ አድርጎ ያነብባቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሕግ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ግን ታገሱኝ። ህንድ በ1985 ባወጣችው አዋጅ የተወሰኑ ጨርቆች በእጅ ሽመና ብቻ እንዲሠሩ ከልላለች፤ በማሽን ሸምኖ በእጅ ስም መሸጥ ያስጠይቃል። የአሱ ማሽን ግን አይሸምንም። ክር ያዘጋጃል እንጂ። ስለዚህ ሳሪው የእጅ ሥራ መሆኑ አይቀርም፣ ስሙም ዋጋውም አይወርድም። ማሽኑ ከልማዱ ጋር ያልተጣላው ለዚህ ነው፦ ባልየው ሽመናው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፣ ካስቱ ካስት እንደሆነ ቀረ፣ ነጋዴው ክር ሰጥቶ ሳሪ መቀበሉን ቀጠለ። ሽመናውን ራሱን የሚሠራ ማሽን ቢሆን ኖሮ ወንዶቹን ከሥራ ያስወጣ ነበር፤ ያኔ መንደሩ ከመሳቅ አልፎ ምን ያደርግ እንደነበር እንጃ። በዚያው በቴላንጋና፣ ሲርሲላ በምትባል የኤሌክትሪክ ሽመና ከተማ፣ ብዙ ሸማኔዎች በዕዳ ምክንያት ራሳቸውን አጥፍተዋል። ሞተር ገብቷል፣ ዕዳው አልወጣም።

አምበድካር በ1936 ካስት የሥራ ክፍፍል ነው ለሚሉት ሲመልስ፣ የሥራ ብቻ ሳይሆን የሠራተኞቹ የራሳቸው ክፍፍል ነው ብሎ ነበር። «ካንቺቫራም» ይህን የገባው ፊልም ነው፤ ሸማኔዎቹ አንድ ላይ የቆሙባት አጭር ጊዜ አለች፣ የምትፈርሰውም ልማድ ባስገባው ስለት ነው። «ማሌሻም» ደግሞ ይህን የሚጠይቅበት ቦታ የለውም፤ አንድ ሰው ብቻውን ስለሚያሸንፍ አንድ ላይ መቆም አያስፈልግም። በዚያው ክልል የሸማኔዎችን የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያደራጅ የኖረ፣ ራሱም ፓድማሻሊ የሆነ ኮንዳ ላክስማን ባፑጂ የሚባል ፖለቲከኛ ነበር። በ1969 ለቴላንጋና ጥያቄ ብሎ የሚኒስትርነት ወንበሩን የለቀቀ ሰው ነው። የብቸኛ ፈጣሪ ታሪክ ለፊልም ይመቻል፣ የማኅበር ስብሰባ አይመችም። ይገባኛል። ግን ከሁለቱ የትኛው ሸማኔውን እንዳኖረው ለመፍረድ ሁለቱንም ማየት ይጠይቃል።

ሽሮ ሜዳ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ የራሱን ሰፈር ማሰቡ አይቀርም። የዶርዜ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ እንደሚሠራው፣ የህንዱም የእጅ ሸማኔ እንዲሁ ጉድጓድ ዳር ተቀምጦ ሲሠራ ታዩታላችሁ፤ ፈታዩዋ እዚህም ሴት ናት። ግን ማመሳሰሉ ቶሎ ያልቃል። በኛ አገር ጥሩ ጥበብ የሚለብሰው ሰው የሠራውን ሰው «ቡዳ» ሲለው ኖሯል፤ ፓድማሻሊ ግን የተቀደሰ ክር አጥልቆ የጠቢብ ልጅ ነኝ ይላል። አንዱ በስም ተዋርዶ ሌላው በስም ከብሮ ሁለቱም ለነጋዴ በቁራጭ ሲሠሩ መኖራቸው፣ የስም ነገር የቱን ያህል ርቀት እንደሚያስኬድ ያሳያል። ከዚህ በላይ ብሄድ የማላውቀውን ልናገር ነው፤ የዶርዜን ጉዳይ ዶርዜ ይጻፈው።

ለማየት ካሰባችሁ «ማሌሻም»ን አስቀድሙ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ «ካንቺቫራም»ን ክፈቱ፤ በአንድ ምሽት አይቻልም። በሁለተኛው ላይ የቬንጋዳም ሚስት አናም ጀርባ ላይ ሆና የምትሠራቸውን ነገሮች ተከታተሉ፤ ሽሪያ ሬዲ ናት የምትጫወታት። ካሜራው ባልየውን እያየ እሷ ሥራ ላይ ናት። የላክሽሚ ማሽን ቤቷ ቢገባ ኖሮ አይጠቅማትም ነበር፤ ካንቺፑራም አሱ የለም። እዚያ ያለው ኮርቫይ ነው። የሳሪው ጥለትና ገላው በተለያየ መወርወሪያ ተሸምነው ይያያዛሉ፤ ለዚያም ከሸማኔው አጠገብ ተቀምጦ ከወዲያ ጫፍ መወርወሪያ የሚመልስለት ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ያ ሰው ከቤቱ ልጅ ወይም ሚስት ነው። ለዚያ እጅ የተሠራ ፊልም እስካሁን አላየሁም።